ሰባት ይደመራል ወይስ ስምንት

ታህሳስ 22 ቀን 2017

ትናንት ከናይሮቢ ሞያሌ ገባን። ወገቤ የኔ አይደለም። ሃኒ ሙሉ መንገዱን በመስኮት ስታይ መጣች። ምን እንደምታይ እንጃ፣ ከማርሳቢት ወዲህ ድንጋይ ነው።

ነገሩን እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ከሞምባሳ ስንመለስ፣ ታህሳስ 18፣ ባቡር ውስጥ የቲኬት ዋጋ አጭበርብረሻል ተባልኩ። አስራ አራት ዓመት በዚህ ድንበር ላይ የሰው ወረቀት ስተረጉም አንድ ቀን ስሜ ተነስቶ የማያውቅ ሴትዮ፣ ሰው በሞላበት ፉርጎ ውስጥ።

ለሃኒ የሕፃን ቲኬት ነበር የገዛሁት። አስራ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግማሽ ዋጋ ነው። ሃኒ የሟች እህቴ ልጅ ናት። የተወለደችው ማዶ፣ ኢትዮጵያ ሞያሌ ስለሆነ ያላት ወረቀት የጤና ጣቢያው የክትባት ካርድ ብቻ ነው፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነው፦ 12/3/2005። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሠርቼ፣ ማህተሜን አሳርፌበት ከካርዱ ጋር አያይዤ ነበር። ትርጉሙ 21 ኖቬምበር 2013 ይላል።

ተቆጣጣሪው ኬቨን የሚባል ወጣት ነው። ትርጉሙን ትቶ ካርዱን አየና፣ "ማማ፣ ይቺ ልጅ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው እንዴ?" አለኝ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ስምንት ይደመርበታል ብዬ አስረዳሁት። ወላሂ ሊሄድ ነበር። ለጨዋታ ያህል ወደ ሃኒ ዞሮ፣ "አንቺስ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?" አላት።

"አስራ ሁለት።"

"መቼ ሞላሽ?"

"ባለፈው ወር።"

ከዚያ በኋላ ስልኩን አውጥቶ አቆጣጠር የሚቀይርለትን ፈለገ። ከዚያ አለቃው መጣች። ከዚያ ናይሮቢ ጣቢያ አንድ ሰዓት አስቀመጡን። ትርጉሙን ወሰዱት፣ መታወቂያዬን መዘገቡ፣ "በጽሑፍ ይደርስሻል" ተባልኩ። ስንሄድ እኮ ማንም ምንም አላለንም። ጥያቄ የሚመጣው ሰው ደክሞት ሲመለስ ነው።

ህዳር ላይ ለተወለደ ሰው የሚደመረው ሰባት ነው። ከመስከረም እስከ ታህሳስ ሃያ ሁለት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜ ስምንት። ይህን ሂሳብ ለሾፌሩም ለነጋዴውም በቀን አስር ጊዜ እሠራዋለሁ። አንድ ቀን፣ ሞምባሳ በሎጅ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ መብራት እየጠፋ እየመጣ፣ ተሳሳትኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሰው አይሳሳትም?

ደግሞ ምን እንደምትል ነግሬያት ነበር። ማለቴ፣ ትልቅ ሰው ሲነጋገር ዝም በይ ብያት ነበር።

ታህሳስ 24

ኪዮስኬን ከፈትኩ። አቧራው ወንበሩ ላይ ጣት ያሰምጣል። ገና ሳልጠርግ አንድ የእህል ሾፌር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቆይ አልኩት፣ "እህቴ መኪናዬ ተይዟል" አለኝ። ሁሉም መኪናው ተይዟል።

ለፍርድ ቤቱ የአስተርጓሚነት ማመልከቻዬን ካስገባሁ ሁለት ወር ሆነ። ሁሉ ነገር ተሟልቷል። የቀረኝ እዚህ ሁሉም "ጉድ ኮንዳክት" የሚለው የፖሊስ የጥሩ ጠባይ ወረቀት ነው። ክስ የተከፈተበት ሰው ያንን ወረቀት አያገኝም። ያለ እሱ ፍርድ ቤት የለም፣ እስክሸመግል በዚህች ቆርቆሮ ውስጥ የተያዘ መኪና ማመልከቻ መጻፍ ነው። ማህተሜንም ማን ያምነዋል? በአንድ ግማሽ ቲኬት።

ማታ ሃዋ መጣች። የወንድሜ ሚስት ናት፣ ማንያታ ሰፈር በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። "ዋቆ ልጁን ሲያይ ምን አለ?" አለችኝ። ዋቆ የሃኒ አባት ነው፣ ወደ ሞምባሳ የሄድነው እሱን ልናይ ነበር። መኪናው ቮይ ላይ ተበላሽቶ ሊደርስ አልቻለም አልኳት።

"እህ" አለች።

ሃዋ "እህ" ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኛል።

ታህሳስ 28

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሃኒ ካልሲ የላትም፣ አንድ እግሩ የት እንደገባ አላህ ይወቅ። ፈልጊ አልኳት። "እሺ።" ቁርስ ብይ። "እሺ።" ስትመለሺ ውሃ ቤት ወረፋ ያዢ። "እሺ።"

ከባቡሩ ወዲህ ከዚች ልጅ አፍ "እሺ" ብቻ ነው የሚወጣው። አኩርፋ ይሆን ስል ፊቷ አላኮረፈም። የተቆጣሁት እኔ፣ የተበደልኩት እኔ፣ እሺ የምትለኝ እሷ።

ጥር 2

ደብዳቤው መጣ። በኢሜይል ስለሆነ ሳይበር የሚሉት ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አሳተምኩት። የሳይበሩ ልጅ ከማተሚያው ሲያወጣው ከላይ እስከ ታች አነበበና "ፖሌ ሳና" አለኝ። እስከ ማታ ሞያሌ በሙሉ ያዝንልኛል ማለት ነው።

ሐሰተኛ ሰነድ በማቅረብ ከሙሉ ዋጋ በታች ተጉዘሻል ተብለሽ ተጠርጥረሻል ይላል። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ የሆነውን በጽሑፍ አስረጂ። መልስሽ ታይቶ ጉዳዩ በአስተዳደር ሊዘጋ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ሃያ አንድ ቀን ማለት ጥር 23 ነው።

ሐሰተኛ ሰነድ። የኔን ማህተም።

ጥር 4

ሥራ በዛ። ሦስት ሾፌር፣ አንድ የፍየል ነጋዴ፣ አንዲት መበለት። ውሃ ከሄደ ሦስት ቀኑ። የአህያ ጋሪው ደግሞ ዋጋ ጨመረ። ምሳ አልበላሁም።

የአንዱ ሾፌር ልደት ጥር ነው። ስምንት። የመበለቷ ጥቅምት ነው። ሰባት። እጄ ሳያመነታ ነው የጻፈው።

ጥር 6

ሽማግሌው ምዜ ያታኒ ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የሰው ጉዳይ በነጻ ይሰማሉ። ደብዳቤውን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው ያነበቡት፣ መነጽሩ ለምን እንደተገዛ አላውቅም።

"ይሄ ኮርቲ፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቅ ሻውሪ፣ ጉዳይ ነው" አሉኝ። "እነሱም ኮርቲ አይወዱም፣ ብዙ ቀን ይበላል። ደብዳቤ ጻፊ። አጠፋሁ በይ፣ የጎደለውን እከፍላለሁ በይ፣ ሁለተኛ አይደርስም በይ። ሌላ ነገር ሐኩና፣ የለም።"

"ስህተት ነው እኮ ምዜ። ሰባት መደመር ሲገባኝ ስምንት ደመርኩ።"

ሻዩን አስቀመጡት። "ኢንታላ፣ ልጄ፣ አንቺ ኮርቲ ውስጥ አስተርጓሚ ልሁን ብለሽ የለም እንዴ? ሰባትና ስምንት ይምታታብኛል ብለሽ ፈርመሽ ልትልኪ?"

"ታዲያ ሆን ብዬ ነው ልበላቸው? ሌባ ልባል?"

"ልጅቷ ምን አለች?"

"ልጅቷን ይተዉአት ምዜ፣ ልጅ ናት።"

"ልጅነቷንማ አንቺ ነሽ ያራዘምሽላት" አሉና በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሻዩን እኔ ከፈልኩ።

እውነታቸውን ነው ግን። ተሳሳትኩ ካልኩ፣ ቀን መቁጠር የማትችል አስተርጓሚ ነኝ። አልተሳሳትኩም ካልኩ ደግሞ ክሱን በገዛ እጄ ፈረምኩ። በየት በኩል ልውጣ?

ጥር 9

ሃኒ ተኝታለች፣ እኔ አራተኛውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ።

አስራ አራት ዓመት ለሰው የይቅርታ ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ለሚመጣው ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ያጠፋኸውን በአንድ መስመር ጻፍ፣ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ምክንያቱን ካስቀደምክ አንባቢው ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። አንድ የጨው ሾፌር ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጎማው ሊያስጽፈኝ ሲል "ወንድሜ፣ ጎማው ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ወይስ አንተ?" ብዬው ስቆ ሄዷል። ደብዳቤው ሠርቶለታል።

የኔ ግን የሚጀምረው "የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አስራ ሦስት ወራት ያሉት ሲሆን" ብሎ ነው። ቀጥሎ የሎጁ መብራት ይመጣል፣ ቀጥሎ የቀኑ ሙቀት፣ ቀጥሎ የልጅቷ ቁመት። ያጠፋሁት የት እንዳለ እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም።

መቼስ ሃኒ "አስራ ሁለት" ባትል ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም። ኬቨን አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ትንሽ ብትቆይ፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ብታስር፣ ያንን አዲሱን ጫማ። ልደቴ ነው ብላ ህዳር ላይ ለምና ያስገዛችኝ ነው፣ ሻማ አስራ ሁለት ነው እንጂ አስራ አንድ አይበቃም ብላ ሱቅ ድረስ ያስመለሰችኝ።

ልተኛ።

ጥር 11

ላክሁት። ስህተት ነው ብዬ። የስሌት ስህተት፣ አንድ ዓመት፣ ሰው ነኝ። ምዜ አይስሙ።

ጥር 13

ሃኒ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ አለችኝ፣ አሳይኝ አልኳት፣ አሳየችኝ። መምህርሽ ነው ያረመው ወይስ አንቺ ነሽ ራይት ያደረግሽው አልኳት። ደብተሯን ዘጋች። ሃዋ ልብስ ታሰጣ ነበር፣ ወደ ገመዱ እንደዞረች "ሌባ እናት ልጇን አታምንም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ተረት ነው። ተረት መተረት ተከለከለ እንዴ?"

ልብሴን ከገመዱ ላይ እርጥቡን ሰብስቤ ገባሁ። አሁን ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይሸታል።

ጥር 17

መልስ መጣ።

ስለ ማብራሪያሽ እናመሰግናለን ይላል። ነገር ግን ታህሳስ 11 ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ስትጓዙ ለዚችው ልጅ ሙሉ ቲኬት ገዝተሻል። ለዚያ ያቀረብሽው ትርጉም 21 ኖቬምበር 2012 ይላል። የሁለቱ ትርጉሞች ቅጂ ተያይዟል። ልዩነቱን እስከ ጥር 23 አስረጂ።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አትመውልኛል። ያው ማህተም፣ ያው ፊርማ፣ ሌላ ዓመት። በመካከላቸው ሰባት ቀን ብቻ።

የሳይበሩ ልጅ ዛሬ ፖሌ አላለኝም። ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ጥር 18

በቃኝ። ውሃው በቃኝ፣ አቧራው በቃኝ፣ ሃዋ በቃችኝ። ያ ኬቨን ሺህ ሰው በተሳፈረበት ባቡር እኔን አገኘ። ኮምፒውተራቸውም ሌላ ሥራ የለውም፣ የድሃ ወረቀት ያስቀምጣል። ካልጠፋ ቀን ምዜ ያታኒ በኪዮስኬ ደጃፍ ሲያልፉ "ላክሽ?" አሉኝ፣ "ላክሁ" አልኩ፣ "የትኛውን?" አሉኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ስሌት ተሳሳትኩ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ዛሬ ሁለተኛው ሐሰተኛ ሰነድ ሆነ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ባልጽፍ ኖሮ አንድ ውሸት ብቻ ነበረብኝ።

አልኩት። ውሸት አልኩት። ይኸው ጻፍኩት፣ አላጠፋውም።

ጥር 20

ዛሬ አንድ ወጣት ሾፌር መጣ። ጉምሩክ ላይ ያላስመዘገበው ዕቃ ተገኝቶበታል። ይቅርታ ጻፊልኝ አለኝ። መጀመሪያ ያጠፋኸውን በአንድ መስመር ንገረኝ አልኩት። "ደብቄ ነበር" አለ። እንዲሁ፣ ሳያንገራግር። ተናደድኩበት። ለምን እንደተናደድኩበት የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

እሺ። እዚህ ማንም አያነበውም፣ መጀመሪያ እዚህ ልጻፈው።

ዋቆ መኪናው አልተበላሸበትም። ሦስት ቀን ሎጅ ውስጥ ጠበቅነው። በሦስተኛው ቀን መልእክት ላከልኝ፦ "አሁን አይመቸኝም፣ ይዘሻት ተመለሺ።" ሞምባሳ ውስጥ ነው ያለው፣ ሚስት አለው፣ እኛ ካለንበት ሎጅ በማታቱ ሚኒባስ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሃሳቡን ይቀይራል ብዬ ሦስት ቀን ጨመርኩ። ሃኒ በየጠዋቱ አዲሱን ጫማ አድርጋ በሩ ላይ ትቀመጣለች። መኪናው ቮይ ላይ ተበላሽቷል አልኳት። ነገ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል። የተጨመረው ቀን የመመለሻችንን ገንዘብ በላው።

ስልክ ነበረኝ። ለሃዋ ብደውል ኖሮ በአምስት ደቂቃ ትልክልኝ ነበር፣ ሃዋ ምላሷ እንጂ እጇ ክፉ አይደለም። ግን ከመሄዳችን በፊት "ዋቆ አይመጣም፣ ልጅቷን አታንከራትቻት" ብላኝ ነበር። "አላልኩሽም?" እንዳትለኝ ነው ማህተሜን ያወጣሁት። ሰባት መሆኑን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ስምንት ደመርኩ።

ሃኒንም ዝም በይ አላልኳትም። ሲጠይቁሽ አስራ አንድ በይ ነው ያልኳት። "ልደቴ ግን አልፏል" አለችኝ። ባቡሩ እስኪያልፍ ተይው አልኳት። ከዚያ ናይሮቢ ጣቢያ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ፣ በጆሮዋ ምን እንዳልኳት አልጽፈውም። ያን ሁሉ ሰዓት ጫማዋን ስታይ ነበር።

አፍሬያለሁ። የማፍረው ከኬቨን ነው ብዬ ነበር።

ጥር 21

ደብዳቤው በአንድ ጊዜ ወጣ፣ ሳልቀድ። የመጀመሪያው መስመር፦ "የልጅቷን ዕድሜ እያወቅሁ በሐሰት አንድ ዓመት ቀንሼ ተርጉሜያለሁ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤዬም ስህተት ነው ብዬ ዋሽቻለሁ።" ሁለተኛው፦ "ልጅቷ እውነቱን ተናግራለች።" ምክንያቱ ከዚያ በኋላ፣ አጠር ብሎ። ቀሪውን ዋጋና መቀጫውን እከፍላለሁ፣ ክስ ከተመሠረተብኝ ሥራዬን እንደማጣ ግልጽ ነው፣ ቢሆንም ውሳኔው የእናንተ ነው።

ለምዜ ያታኒ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በዓይናቸው ላይ አደረጉት። "ሳሳ፣ አሁን ላኪው" አሉ።

"ቢከሱኝስ?"

"ሊከሱሽ ይችላሉ። የፊተኛው ግን በእርግጥ ያስከስስሽ ነበር።"

ላክሁት።

የካቲት 2

ምንም የለም። ኢሜይሌን በቀን ሃያ ጊዜ እከፍታለሁ። ከሞባይል ኩባንያ የሚመጣ ማስታወቂያ ጠላቴ ሆኗል።

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ደወለ፣ ጉድ ኮንዳክትሽ የት ደረሰ ይላል። በመንገድ ላይ ነው አልኩ። ከዚያ ስልኩን እንደያዝኩ፣ "አይ፣ አንድ ጉዳይ አለብኝ፣ ሲያልቅ አመጣለሁ" አልኩ። ሰውየው እሺ አለ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ሃዋ ለረመዳን ቴምር ከአሁኑ እየገዛች ታከማቻለች። ዋቆ ሞምባሳ እያለ እንዳልመጣ ነገርኳት። "አላልኩሽም?" ትለኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። "ልጅቷ ታውቃለች?" ብቻ አለችኝ። አታውቅም አልኳት። "እህ" አለች።

የካቲት 9

ኬቨን ደወለ። ቁጥሩ አዲስ ስለነበር የቆዳ ነጋዴው መስሎኝ ጮኬ ነበር ያነሳሁት።

"ማማ፣ እኔ ነኝ፣ የባቡሩ" አለኝ። በስልክ መናገር እንደማይፈቀድለት ነገረኝና ሁሉንም በስልክ ነገረኝ። የፊተኛውን ደብዳቤ አይተው ፋይሉን ለፍርድ ቤት አዘጋጅተውት ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ አለቃው ጮክ ብላ ለቢሮው አነበበችው። "እንዲህ የሚጽፍልን ሰው የለም፣ ሁሉም የሚጽፈው ስለ ኔትወርክ ነው" አለኝ።

ሊዘጋ ሲል፣ "ልጅቷ ደህና ናት? ለጨዋታ ነበር እኮ የጠየቅኳት" አለ።

ደህና ናት አልኩት።

የካቲት 12

አልቋል። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። ቀሪው ዋጋ፣ መቀጫ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ክስ የለም። ሐሰተኛው ትርጉም በቀይ ተሰርዞበት ተመልሶልኛል። መጨረሻው ላይ፣ ለልጅቷ ትክክለኛ የልደት ምስክር ወረቀት እንድታወጪላት እንመክራለን ይላል። ገንዘቡን ዛሬውኑ ላክሁ። ለጉድ ኮንዳክቱም አመለከትኩ።

የሳይበሩ ልጅ አነበበና "ሆንጌራ ማማ" አለኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ ማለቱ ነው። ምን ላድርገው፣ ሳቅሁ። በመንገዴ ለምዜ ያታኒ ሻይ ከፈልኩ፣ ለሃኒ ካልሲ ገዛሁ፣ ሁለት ጥንድ። ስሰጣት "እሺ" አለች፣ ካልሲ ሲሰጥሽ እሺ አይባልም አልኳት። "እሺ" አለች።

የካቲት 15

ቅዳሜ። ለልደት ወረቀቱ ከሃኒ ጋር ማዶ ተሻገርን። የክትባት ካርዱን፣ የእህቴን የሞት ወረቀት፣ ሁለት ፎቶ ይዤ ነበር። የቀበሌው ወረፋ እስከ በሩ። ሁለት ሰዓት ቆመን መስኮቱ ጋ ደረስን።

ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት። ካርዱን እየገለበጠች፣ ቀና ሳትል፣ "የኔ ቆንጆ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?" አለች።

ሃኒ ዞራ እኔን አየችኝ።

ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። ዓይኗን ከፊቴ ላይ ሳታነሳ ቆመች። ጸሐፊዋ ቀና አለች፣ ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። "አስራ ሁለት" አልኩ እኔ።

"አፍ የላትም እንዴ?" አለች ጸሐፊዋ እየሳቀች፣ ጻፈችውም።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ኬላው ስንመለስ ጸሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። "ለምን አልመለስሽላትም?" አልኳት። እንደ ልማዴ በቁጣ ነው የጀመርኩት።

"የትኛውን እንደምትፈልጊ አላወቅኩም" አለችኝ።

መንገድ መሃል ቆምኩ፣ ቦዳቦዳ ሞተር ጥሩምባውን ነፍቶብኝ አለፈ። ለባቡሩ ድርጅት ሁለት ገጽ ይቅርታ ጽፌያለሁ። ለዚች ልጅ ካልሲ ገዛሁላት።

"አስራ ሁለት ነሽ" አልኳት። "ባቡሩ ላይም አስራ ሁለት ነበርሽ። እውነቱን ነው የተናገርሽው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ጣቢያው ላይ የተናገርኩሽም ውሸት ነው፣ በአንቺ ምክንያት የሆነ ምንም ነገር የለም። ይቅር በይኝ።"

"እሺ" አለች።

ያቺው እሺ። ይገባኛል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ኬላውን አለፍን፣ የውሃውን ወረፋ አለፍን፣ ቤታችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ "መኪናውስ?" አለችኝ።

"የቱ መኪና?"

"ቮይ ላይ የተበላሸው።"

ከዚህ በፊት ቢሆን አንድ ሺህ ነገር እላት ነበር። "አልተበላሸም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አልተገረመችም። "አውቄ ነበር" አለች፣ "በአራተኛው ቀን መልእክቱን ስልክሽ ላይ አንብቤዋለሁ። አንቺ እንዳታዝኚ ነው ዝም ያልኩት።" ከዚያ እጄን ይዛ ስለ ሒሳብ መምህሯ ትነግረኝ ጀመር፣ ከዳበል አዲስ ስለመጣችው ልጅ፣ ሃዋ ቴምሩን የት እንደምትደብቅ፣ ሳታቋርጥ፣ እስከ ግቢያችን በር። እኔ ዝም ብዬ ሰማኋት።